ከመስኮቱ ወዲያ፦ ፋርማሲስቱ ዋርድ ውስጥ ምን ይሠራል?

«አምስት ዓመት ተምረህ ፓራሲታሞል ልትሸጥ?» ተማሪዎች የትምህርት ክፍል በሚመርጡበት ሰሞን ይህች ጥያቄ ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ መመላለሷ አይቀርም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አደባባይ ሲወጣ የሐኪሙንና የነርሷን ድካም ለማስረዳት ብዙ መልፋት አላስፈለገም፤ ሆስፒታል ያደረ ሰው ሁሉ አይቶታል። ፋርማሲስቱ ጋ ሲደረስ ግን ነገሩ ይደበዝዛል። መድኃኒቱ ካለ «አለ»፣ ከሌለ «የለም» ከማለት ሌላ ምን ያደርጋል?

ጥያቄው የንቀት ብቻ አይደለም። ሰው የሚያወራው ያየውን ነው፣ ያየው ደግሞ አንዲት መስኮት ናት። እጅ ይወጣል፣ ወረቀት ይገባል፣ ማሸጊያው ላይ «1 በ 3» ተብሎ ይጻፋል፣ አለቀ። የሙያው ከባድ ሥራ የሚሠራው ግን ከመስኮቷ ወዲያ ነው። ያ ሥራ የማይታይበት የራሱ ምክንያት አለው፣ እሱን ካልተረዳን ስለ ፋርማሲስቶች ሥራ ማጣትም ሆነ ስለ መድኃኒት ስህተት የምናወራው ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ይሆናል።

መስኮቷ ሙያውን እንዴት ዋጠችው?

ድሮ ፋርማሲስት መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ሐኪሙ ያዛል፣ እሱ ይመዝናል፣ ይወቅጣል፣ ይበጠብጣል። ፋብሪካዎች ኪኒኑን ጨርሰው አሽገው መላክ ሲጀምሩ ያ ሥራ በአብዛኛው ከእጁ ወጣ። የቀረው መግዛት፣ ስቶር መጠበቅና ማደል ነው። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አልነበረም፤ አሜሪካኖችም ውስጥ ነበሩበት። እ.ኤ.አ. በ1966 ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ፋርማሲስቶችን ከምድር ቤት አውጥቶ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ ሕሙማኑ ተኝተው ባሉበት ቦታ አስቀመጣቸው። ክሊኒካል ፋርማሲ የሚባለው ነገር ሲነገር ብዙዎች መነሻ አድርገው የሚጠቅሱት ይህን ሙከራ ነው።

ቃሉን እንፍታው። ክሊኒካል ፋርማሲ ማለት ፋርማሲስቱ ትኩረቱን ከዕቃው ወደ ሰውየው ሲያዞር ነው። ጥያቄው «ይህ መድኃኒት ስቶር ውስጥ አለ ወይ?» ከመሆን ይወጣና «ይህ መድኃኒት ለዚህ ሰው፣ በዚህ ኩላሊት፣ ከእነዚህ ሌሎች መድኃኒቶች ጋር ይሆናል ወይ?» ይሆናል።

እኛ ጋ የመጀመሪያው የፋርማሲ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1961 በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለረጅም ጊዜ ትምህርቱ ያተኮረው መድኃኒቱ ላይ ነበር፦ ኬሚስትሪው፣ አሠራሩ፣ አቀማመጡ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥርዓተ ትምህርቱ ወደ ታካሚው እንዲያደላ ተደርጎ ተከለሰና የመጨረሻው ዓመት በአብዛኛው ዋርድ ውስጥ፣ ማለትም ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል፣ የሚያልፍ ሆነ። በዓመቱ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በክሊኒካል ፋርማሲ የሁለተኛ ዲግሪ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲሱ ሥርዓት የተማሩት ተመረቁ። በሌላ አነጋገር ታካሚ አልጋ አጠገብ ቆሞ እንዲሠራ የሰለጠነ ፋርማሲስት በብዛት ማውጣት ከጀመርን ገና ብዙ አልቆየንም። የጡረታ ዕድሜ ላይ ያለ ስፔሻሊስት ሐኪም ሲማር እንዲህ ያለ ሰው ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞች ሕሙማንን ከአልጋ አልጋ እየዞሩ በሚያዩበት ሰዓት፣ አላየም። ይህን ልብ ማለት ለኋላው ክርክር ይጠቅማል።

አንድ አልጋ

ነገሩን በአንድ አልጋ እንየው። አንድ የ40 ዓመት ሰው ሆስፒታል ተኝቷል እንበል። ኤችአይቪ በደሙ አለ፤ ቲኤልዲ የምትባለውን በቀን አንዴ የምትዋጥ ኪኒን ለዓመታት ሳያቋርጥ ወስዷል፣ ቫይረሱም ጸጥ ብሎለታል። አሁን ሳንባው ላይ ቲቢ ተገኘበት። የቲቢ መድኃኒት ተጀመረለት። እስካሁን ማንም አልተሳሳተም። ኤችአይቪውም በትክክለኛው መድኃኒት፣ ቲቢውም በትክክለኛው መድኃኒት እየታከመ ነው።

ጣጣው ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ ሪፋምፒሲን ይባላል። ሽንት ብርቱካንማ የሚያደርገው እሱ ነው። ሪፋምፒሲን ጉበት ውስጥ ያሉትን መድኃኒት ሰባብረው የሚያስወግዱ ኤንዛይሞች ያነቃቸዋል። ቲኤልዲ ውስጥ ያለው ዶሉቴግራቪር ደግሞ በእነዚሁ ኤንዛይሞች የሚወገድ ነው። ስለዚህ ሰውየው ኪኒኗን እንደ ወትሮው በሰዓቷ ይውጣል፣ ደሙ ውስጥ የሚቆየው መጠን ግን ይወርዳል፤ ቫይረሱ ቀና ማለት ይችላል፣ መድኃኒቱንም ይለማመዳል። መላው ያን ያህል ከባድ አይደለም። ከ12 ሰዓት በኋላ አንድ ተጨማሪ የ50 ሚሊ ግራም ዶሉቴግራቪር መስጠት፣ የቲቢ ሕክምናው ካበቃ በኋላም ለሁለት ሳምንት አለማቋረጥ። መመሪያ ላይ ተጽፏል፣ አዲስ ግኝት አይደለም።

ታዲያ ለምን ይዘለላል? ቲቢ ክፍሉ አንድ ቦታ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ኤአርቲ ክሊኒኩ ሌላ ቦታ፣ ዋርዱ ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው። ሦስት ክፍል፣ ሦስት መዝገብ። ኢንተርኑ፣ ተለማማጁ ሐኪም፣ ከሌሊቱ ተረኝነት ዓይኑን እያሸ ቻርት (የታካሚውን መዝገብ) ይገለብጣል። ሰውየው የኤችአይቪ ኪኒኑን ከቤት ይዞ መጥቶ ትራሱ ሥር አስቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ቻርቱ ላይ ጭራሽ አልተጻፈም። ይህን ለማግኘት አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ከቤት ይዘው የመጡት መድኃኒት አለ? እስቲ ያሳዩኝ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። መድኃኒቶቹን ሁሉ ጎን ለጎን ዘርዝሮ እርስ በርስ የሚያስተያይ ሰው። ክሊኒካል ፋርማሲስቱ ጠዋት ራውንድ ከመጀመሩ በፊት የሚሠራው አንዱ ሥራ ይህ ነው።

ቀጣዩ አልጋ ላይ ደግሞ የልብ ቫልቭ የተቀየረላት ሴት ዋርፋሪን ትወስዳለች፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። ለኢንፌክሽን ሜትሮኒዳዞል ታዘዘላት። ሁለቱ አብረው ሲሰጡ ዋርፋሪኑ ከልኩ በላይ ይሠራና ደም መፍሰስ ሊመጣ ይችላል። ከእሷ ቀጥሎ ያሉት አዛውንት ጄንታማይሲን ላይ ናቸው፤ ኩላሊትንና ጆሮን ሊጎዳ የሚችል አንቲባዮቲክ ነው። የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳየው ክሪያቲኒናቸው ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እየጨመረ ነው። «ዶክተር፣ ክሪያቲኒናቸው ወጥቷል፤ ጄንታውን እንቀንሰው ወይስ እንቀይረው?» ትላለች ፋርማሲስቷ። ሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም) የላብራቶሪ ውጤቱን ያያል፣ ይስማማል፣ መድኃኒቱ ይቀየራል። አሥር ሰከንድ።

ከዚያስ? ከዚያማ ምንም። የአዛውንቱ ኩላሊት አልተጎዳም፣ ጆሯቸውም አልደነቆረም፣ የሴትየዋም ደም አልፈሰሰም። ምንም አልተፈጠረም። ምንም ያልተፈጠረ ነገር ደግሞ ሪፖርት አይጻፍለትም። የሙያው መከራ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ስህተት የሚወለድበት ቦታ

የመድኃኒት ደኅንነት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጊዜው ያለፈበትና የተጭበረበረ መድኃኒት ነው። እሱም አለበት። ግን ጥራቱ ያልተጓደለ መድኃኒትም በአሰጣጥ ስህተት ሰው ይጎዳል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። የጎንዮሽ ጉዳት የሚባለው በትክክል ታዝዞ፣ በትክክል ተወስዶም ሊመጣ የሚችል ነው። የመድኃኒት ስህተት ግን ከማዘዝ እስከ መዋጥ ባለው ሰንሰለት ውስጥ የሆነ ሰው፣ የሆነ ቦታ የሳተው፣ ሊቀር ይችል የነበረ ነው።

የሕፃናት ፓራሲታሞልን እንውሰድ። ሽሮፑ በተለምዶ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ይይዛል። ጠብታው ደግሞ በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም። በሌላ አባባል አንድ ሚሊ ሊትር ጠብታ ከአንድ ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ከአራት እጥፍ በላይ ይበረታል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን 5 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ልክ ነው። እናትየው ባለፈው «5 በለው» የተባለችውን አስታውሳ ከጠብታው ጠርሙስ 5 ብትለካለት ግን 500 ሚሊ ግራም ሰጠች ማለት ነው። ሁለቱም ፓራሲታሞል ይባላሉ፣ ሁለቱም ሮዝ ፈሳሽ ሊሆኑ ይችላሉ።

ማንኪያውም ሌላ ታሪክ ነው። «አንድ ማንኪያ» ምን ማለት ነው? የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ተብሎ ይታሰባል፣ የሾርባው 15። ቤት ውስጥ ያለው ማንኪያ ደግሞ ልክ የለውም። በመስኮቷ ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ ብቻ የሚደርስ ከሆነ፣ ከኋላም ሰልፈኛው እየተነጫነጨ ከሆነ፣ «የቱን ማንኪያ ነው የሚጠቀሙት?» የምትለው ጥያቄ ሳትጠየቅ ትቀራለች።

አቅርቦቱም የራሱን ስህተት ይወልዳል። መድኃኒት በጨረታ ሲገዛ አምራቹ ይቀያየራል። ነጭ ክብ የነበረችው የደም ግፊት ኪኒን በሚቀጥለው ጊዜ ቢጫ ሞላላ ሆና ትመጣለች። ማንም ካልነገራቸው እማማ አሮጌዋንም አዲሷንም ይውጣሉ፣ «የተጨመረልኝ ነው» ብለው። ከሕሙማን ክፍል ደግሞ ይህን ጨምሩበት፦ ሴፍትሪያክሶን የተባለው በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ካልሲየም ካለበት በደም ሥር ከሚሰጥ ፈሳሽ ጋር፣ ለምሳሌ ከሪንገር ላክቴት ጋር፣ በአንድ መስመር መቀላቀል የለበትም። ሲገናኙ ይረጋል። በጨቅላ ላይ ደግሞ ሊገድል ይችላል። ለነርሷ ሁለቱም በየቀኑ እጇ ላይ ያሉ ተራ ነገሮች ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 በመድኃኒት ስህተት ላይ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሲጀምር ስህተቱ በዓመት 42 ቢሊዮን ዶላር ያስከፍላል ብሎ ገምቶ ነበር። ግቡም ከባድና ሊቀር የሚችለውን ጉዳት በአምስት ዓመት ውስጥ በግማሽ መቀነስ ነበር። ኢትዮጵያም ባዶ እጇን አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ክትትል መርሐ ግብር አባል ናት። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቢጫ የሪፖርት ቅጽ አለው፣ ነፃ የስልክ መስመሩም 8482 ነው።

ግን ቅጽ መኖሩና መሞላቱ ለየቅል ናቸው። ስህተት ያየ ባለሙያ ቅጹን ሲያነሳ መጀመሪያ የሚያስበው «ማን ይጠየቃል?» የሚለውን ነው። የተሳሳተችን ነርስ መቅጣት ቀላል ነው። ሁለት የሚመሳሰሉ ጠርሙሶች አንድ መደርደሪያ ላይ ለምን ተቀመጡ ብሎ መጠየቅ ግን ሥራ ይጠይቃል። በቅጣት የሚመራ ቤት ሪፖርት አያገኝም፤ ሪፖርት የሌለው ቤት ደግሞ «እኛ ጋ ስህተት የለም» ይላል። የመድኃኒት ደኅንነት ላይ የሚሠራ ፋርማሲስት ዋና ሙያው ይህን ቋጠሮ መፍታት ነው፦ ሰውየውን ትቶ መደርደሪያውን ማስተካከል።

የሚቆጠረውና የማይቆጠረው

አሁን የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ ወንበር ላይ እንቀመጥ። ፋርማሲን በምን ትለካዋለህ? አስፈላጊ መድኃኒቶች ስንት በመቶ አሉ፣ ስንት ብር መድኃኒት ጊዜው አልፎበት ተበላሸ፣ ገቢው ስንት ነው። እነዚህን መለካት ተገቢ ነው። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች የተስፋፋው ኤፒቲኤስ የሚባለው አሠራር፣ ማለትም የመድኃኒት ግብይቱና አገልግሎቱ ኦዲት እንዲደረግ የሚያስችለው ሥርዓት፣ በዚህ በኩል ብዙ ነገር መልክ አስይዟል። የት እንደገባ የማይታወቅ መድኃኒት ዛሬ በሰነድ ይጠየቅበታል።

ሰው ሲጎድል ታዲያ የሚሆነው ግልጽ ነው። ስቶሩ ኃላፊ ይፈልጋል፣ መስኮቷ ሰልፍ አላት፣ ካሸሯ ቆጠራ አለባት። ዋርዱ? ዋርዱ ያለ ፋርማሲስትም «ይሠራል»። ስለዚህ ለዋርድ የሰለጠነችው ልጅ «ለጊዜው» ተብላ መስኮት ላይ ትመደባለች፣ ያ ጊዜም ዓመት ይሆናል። በክፋት አይደለም፤ የማይቆጠር ሥራ ከሚቆጠር ሥራ ጋር ሲወዳደር ሁልጊዜ ይሸነፋል። የደረጃ ዕድገቱም በዚያው መስመር ነው የሚሄደው። ጎበዙ ክሊኒካል ፋርማሲስት ሽልማቱ የፋርማሲ ክፍል ኃላፊ መሆን ነው፣ ኃላፊ ሲሆን ደግሞ አልጋ አጠገብ መቆሙ ይቀራል።

የግሉን ዘርፍ በአጭሩ እንለፈው። ገቢው ከሽያጭ በሆነበት ቤት «ይህን አይግዙ፣ አያስፈልግዎትም» ማለት ከኪስ ይወስዳል። ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ የሚሸጠውም ፋርማሲስቱ መከልከሉን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ እሱ ቢከለክል ማዶ ያለው ስለሚሸጥ ነው።

አስተማሪው ከየት ይምጣ?

ክሊኒካል ፋርማሲ ከመጽሐፍ ብቻ አይወጣም። ተማሪው ፕሪሴፕተር የሚባል፣ ሥራ ላይ ያለ አሰልጣኝ ባለሙያ ያስፈልገዋል፦ ቻርት እንዴት እንደሚነበብ፣ ለሬዚደንት እንዴት ሳያስቀይሙ «ይህ ልክ አይመስለኝም» እንደሚባል፣ መቼ ዝም እንደሚባልም የሚያሳየው ሰው። ዝም ማለትም ትምህርት ነው። ጥቃቅኑን የመድኃኒት ግጭት ሁሉ ራውንድ ላይ የሚያነሳ ፋርማሲስት በሦስተኛው ቀን የሚሰማው አያገኝም፤ ዋናውን ሲያነሳም «ያው የተለመደው» ይባላል።

ዩኒቨርሲቲዎቹ በፍጥነት በዙ፣ የፋርማሲ ትምህርት ክፍሎችም አብረው በዙ። ልምድ ያለው ፕሪሴፕተር ግን በዚያ ፍጥነት አይበዛም፣ ምክንያቱም የሚያፈራው ዋርድ ነው፣ ዋርዱ ላይ ደግሞ ሰው የለም። አዙሪቱ ይኸውላችሁ፦ ዋርድ ላይ የሚሠራ ስለሌለ የሚያስተምር የለም፣ የሚያስተምር ስለሌለ ተመራቂው ዋርድ ሲገባ ይፈራል፣ ስለሚፈራ ወደ መስኮቷ ይመለሳል። ብዙዎቹ መምህራን ደግሞ ዲግሪ እንደያዙ ወዲያው ማስተማር የገቡ ናቸው። ዕውቀት አይጎድላቸውም፤ የሚጎድላቸው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በሰው ተከብቦ አንድ መጠን ላይ «አይሆንም» ብሎ የማያውቅ ሰው የሚጎድለው ነገር ነው። አንድ ሰው የሳምንቱን ግማሽ ሆስፒታል፣ ግማሹን ክፍል የሚያሳልፍበት የጋራ ቅጥር መልስ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሁለት መሥሪያ ቤት በአንድ ሰው ደመወዝና ሰዓት መስማማት አለባቸው፣ ይህ ደግሞ እንደሚባለው ቀላል አይደለም።

የሚያከራክረው

ከሐኪሞች በኩል የሚነሳ አንድ ተገቢ ጥያቄ አለ። ለታካሚው ተጠያቂው ሐኪሙ ነው፤ ነገ ክስ ቢመጣ የሚጠራው የእሱ ስም ነው፤ ታዲያ ተጠያቂነት የሌለው ሰው ለምን ውሳኔ ውስጥ ይገባል? የፋርማሲስቶቹ መልስ «እኛ እናማክራለን እንጂ አንወስንም» የሚል ነው። ሁለቱም ወገን ትንሽ ይሸሻል። ምክር ከሰጠህ ምክርህ ቻርት ላይ በስምህ ይጻፍ፤ ተጠያቂነቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። በቃል ብቻ ተነግሮ የቀረ ምክር ማንንም አይጠብቅም፣ ታካሚውንም፣ ሐኪሙንም፣ ፋርማሲስቱንም። እንግሊዝ ጉዳዩን ራቅ አድርጋ ወስዳ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደ ፋርማሲስት ራሱ ችሎ እንዲያዝ ፈቅዳለች። እኛ ጋ ያ ክርክር ገና ሩቅ ነው፣ መቅደም ያለበትም አይመስለኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ጓንትና ኦክስጅን በሚያጥርበት ሆስፒታል ዋርድ ላይ ፋርማሲስት ማቆም ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ይህ ሙግት የሚከብደው መድኃኒቱ ራሱ በሌለበት ቦታ ነው፤ ስቶሩ ባዶ ከሆነ የሚመረምሩት ማዘዣ የለም። መድኃኒት ባለበት ግን ሙግቱ ይገለበጣል። ያላስፈለገ የሳምንት ሴፍትሪያክሶን፣ በአፍ መዋጥ ለሚችል ሰው በመርፌ የሚቀጥል መድኃኒት፣ በስህተት ምክንያት የተራዘመ አልጋ፣ ሁሉም ብር ናቸው። ድሃ ሆስፒታል ለማባከን አቅም የለውም።

ሦስተኛው ከራሳቸው ከፋርማሲስቶቹ የሚመጣ ነው፦ «ሁላችንንም ክሊኒካል ካላችሁን አቅርቦቱን ማን ይይዘዋል?» ትክክል ናቸው። ግዥ፣ ማከማቻ፣ ጥራት ቁጥጥር፣ ፋብሪካ፣ እነዚህም የፋርማሲ ሥራዎች ናቸው። ሥርዓተ ትምህርቱ ወደ ታካሚው ሲያዘነብል ይህ ወገን ሳስቷል የሚለው ቅሬታ መሠረት የለውም ለማለት ይከብዳል።

በዚህ ከቀጠለ

የሚጠበቀው ነገር ብዙም አያስገርምም። ተመራቂው ይበዛል፣ የመንግሥት ቅጥር አይከተለውም፣ ከፊሉ ሙያውን ይለቃል፣ ከፊሉ አገር ይለቃል። አገር መልቀቁም ቢሆን አቋራጭ የለውም። አሜሪካ የሚሄደው እዚያ ያለው የፋርማሲ ቦርዶች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ከተመረቀ ሰው ቢያንስ የአምስት ዓመት የፋርማሲ ትምህርት ይጠይቀዋል፤ ከዚያ የአቻነት ፈተና፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ የተግባር ሰዓት፣ የፈቃድ ፈተና። እስከዚያው እዚያ አገር ፋርማሲ ውስጥ ቴክኒሻን ሆኖ ኪኒን እየቆጠረ ይቆያል። ከመስኮት ሸሽቶ ሌላ መስኮት።

እዚሁ ሆኖ አዙሪቱን ለመስበር ያለው ቀዳዳ ግን ሰው እንደሚያስበው ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የሥራ መመዝገቢያ ቅጽ ነው። ዓምዶቹ ጥቂት ናቸው፦ ቀን፣ የካርድ ቁጥር፣ የተገኘው ችግር፣ የተሰጠው ሐሳብ፣ ሐኪሙ ተቀበለው አልተቀበለውም፣ ከዚያ ምን ሆነ። የአዛውንቱ ጄንታማይሲን እዚያ ላይ አንድ መስመር ይሆናል። የዋርፋሪኗ ሴትም አንድ መስመር፣ ትራስ ሥር የተገኘችው ቲኤልዲም አንድ መስመር። ሰልችቶ የሚተወው ብዙ ነው፣ ምክንያቱም ማንም አይጠይቀውም። የሚሞላው ግን በወሩ መጨረሻ፣ ኃላፊዎቹ ተሰብስበው ለመስኮቷ ሰው ከየት እናምጣ ሲሉ፣ ከስቶሩ ሪፖርት ጎን የሚያስቀምጠው ወረቀት ይኖረዋል።